ዝም ያሰኘችው መስመር

ሙሉነሽ መሞቷን የሰማሁት ከላሊበላ ወደ ወልድያ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጋሸናን አልፈን ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ቀብር ያወራሉ። አንደኛው ሰሞኑን ኩልመስክ ለቅሶ ደርሶ ነበር። ጓደኛው የሟቿን ማንነት ሲጠይቀው «ያች የኮምፒዩተሯ ልጅ፤ ያን ጊዜ የሰው ስም ያወጣችው» አለው። ጠያቂው ራሱን ነቀነቀና ወሬው ወደ ዝናቡ መቅረት ተሻገረ።

እንደዚያ አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን እንደዚያ ካልሆነ እንዴት እንደሆነ መናገር ይኖርብኛል፤ እንዴት እንደሆነ ስናገር ደግሞ የማን ስም እንደወጣ መነሳቱ አይቀርም። አፌን ይዤ አፍንጫዬን በጋቢዬ ሸፍኜ ወልድያ ደረስሁ።

ሙሉነሽን ያወቅኋት ላሊበላ ውስጥ በውጭ ርዳታ በሚንቀሳቀስ አንድ የጤና ፕሮጀክት አብረን ስንሠራ ነው። እኔ ከጤና ጣቢያዎች የሚመጣውን መረጃ እቀበላለሁ፤ እሷ ደግሞ የኮድ ሰው ነበረች። ረዘም ያለች ከሲታ ናት። የላሊበላን አቀበት አብሯት የሚወጣ ሰው መሀል መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እሷ ግን ወሬዋን ሳታቋርጥ ትደርሳለች። የሹራቧን ኪስ የገብስ ቆሎ አይለየውም። ኮድ ስታነብ አንድ አንድ ፍሬ እያወጣች ትቆረጥማለች፤ ስህተቱን ስታገኘው መቆርጠሟን ታቆማለች። ነገሩ ሊስተካከል መሆኑን ቢሮ ውስጥ ያለን ሰዎች የምናውቀው ከዚያ ጸጥታ ነበር።

ለሰው የምትመች ዓይነት አልነበረችም። የእኛ አገር ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ጉዳይ አይገባም። እሷ «ደህና አደራችሁ» ትልና መልሱን ሳትጠብቅ ትቀመጣለች። ስብሰባ ሲረዝምባት ጣሪያ ታያለች። አለቃ ሲያሞግሳት ፊቷ ይጨልማል። ዩኒቨርሲቲ አብረዋት የተማሩት አዲስ አበባ ተቀጥረው ሲቀሩ እሷ የተመለሰችው የእናቷ ዓይን እየደከመ በመሄዱ እንደሆነ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ስለራሷ ስትጠየቅ «ምን ይሠራልሃል?» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም።

ሥራችን የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ቀጠሮ ማስታወስ ነበር። በዚያን ጊዜ በእኛ አካባቢ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው በሚኖርበት ከተማ መድኃኒት አይወስድም። የላሊበላው ኩልመስክ ይሄዳል፤ የኩልመስኩ ላሊበላ ይመጣል፤ የብልባላው ወልድያ ድረስ ይወርዳል። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለዘመድ ጥየቃ እንደሚሄድ ይነግረዋል። አውቶቡስ ሲቀር ቀጠሮ ያልፋል፤ ቀጠሮ ሲያልፍ መድኃኒቱ ይቋረጣል። ፕሮጀክቱ የተቋቋመው ይህ እንዳይሆን ነው። ሙሉነሽ የጻፈችው ኮድ ጠዋት ጠዋት በራሱ ጊዜ ይነሳና ሥራውን ደረጃ በደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ከየጤና ጣቢያው ፋይል ይሰበስባል፤ ቀጥሎ የተበላሸውን ያጣራል፤ ከዚያ የሰውን ስም ከቀጠሮውና ከስልክ ቁጥሩ ጋር ያዛምዳል፤ በመጨረሻም መልእክት ይልካል።

የመልእክቱን ቃል ያወጣችው እሷ ነች። አስተባባሪያችን አቶ በለጠ «መድኃኒትዎን መውሰድ እንዳይረሱ» እንዲል ፈልገው ነበር። ሙሉነሽ ግን አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ስልካቸውን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ሰጥተው እንደሚያስነብቡ ተናግራ ተከራከረች። በመጨረሻ «ቀጠሮዎ ነገ ነው» የሚል ብቻ ሆነ። ከማን ጋር፣ ለምን፣ የት የሚል የለውም።

ኮዱ እየሠራ ስለሚሠራው ነገር ማስታወሻ ይጽፋል። ይህን ሎግ ይሉታል። ሎግ ደግሞ ደረጃ አለው። ዝቅተኛው ደረጃ ዲበግ ነው፤ እዚያ ላይ ከተደረገ ኮዱ የነካውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይዘረግፋል። ከፍ ሲል ዋና ዋናውን ብቻ፣ ከዚያም ሲያልፍ የሚያሰጋውን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የከሸፈውን ብቻ ይናገራል። ብዙ ሰው አንድ ደረጃ መርጦ ለሁሉም ይሰጥና ይተወዋል። ሙሉነሽ ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱን ደረጃ ለይታ ሰጠች። ፋይል የሚሰበስበው ትንሽ እንዲናገር ፈቀደችለት፤ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደዘገየ ማወቅ ነበረብን። መልእክት የሚልከው ሲቸገር ብቻ እንዲናገር አደረገች። ስምን ከስልክ የሚያዛምደውን ግን ካልወደቀ በቀር ምንም እንዳይል ዘጋችው።

«ሁሉም እኩል ከጮኸ ማንን ትሰማለህ?» ትለኝ ነበር። ስለ ማዛመጃው ስጠይቃት ደግሞ «ይኼኛው የሚያየው የሰው ገመና ነው። ያየውን ሁሉ ከተናገረ ከመንደር ወሬኛ በምን ተለየ?» አለችኝ።

በእነዚያ ዓመታት ኢንተርኔት በየምክንያቱ ይቋረጥ ነበር። እኛ ስንበሳጭ እሷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ «ዛሬ ደግሞ አገሩን በሙሉ ዝም አሰኙት» ትልና ቆሎዋን ይዛ ወደ ውጭ ትወጣለች። ከአፏ ቀልድ የሚባል ነገር የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

አንድ ሰሞን የብልባላ ሰዎች መልእክት አይደርሳቸውም ነበር። እኔ ሁሉንም ዲበግ ላይ አድርገሽ ለምን አታይውም አልኋት። እንደ ስድብ ቆጠረችው። የላኪውን ደረጃ ብቻ ዝቅ አደረገች፤ ስልክ ቁጥሮቹ ሲጻፉ መጀመሪያ ያለችው ዜሮ እንደቀረች አየች፤ አስተካከለችና ደረጃውን ወደ ቦታው መለሰች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማዛመጃው ራሱ ተበላሸ። ያን ቀን ስክሪኗን ወደ ግድግዳ አዙራ ሁላችንም እንድንወጣላት ጠየቀች። እኔ ተቀየምሁ። ፋይሎቹን የማስገባው እኔ አይደለሁም እንዴ አልኋት።

«አንተ የምታየው ቁርጥራጩን ነው» አለችኝ። «ይኼ ሁሉንም ያገናኘዋል። እኔም ባላየው እወድ ነበር። በሩን ዝጋልኝ።»

ከቢሯችን በታች ባንቻየሁ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ነበራት። ባሏ የሞተባት፣ ወደ አርባው የምትጠጋ፣ ሳቅ የማያልቅባት ሴት ነች። ሁላችንም እቴ እያልን ነው የምንጠራት። ምሳ የምንበላው እሷ ዘንድ ነበር። ሙሉነሽ ከእኛ ጋር ጠረጴዛ ላይ አትቀመጥም፤ ወደ ጓዳ ገብታ ባንቻየሁ ከምትበላበት ሳህን አብራት ትበላለች። ያች ከሰው የማትገጥም ልጅ እዚያ ስትሆን ሌላ ሰው ናት። ሁለቱ ሲሳሳቁ እስከ ውጭ ይሰማል። ባንቻየሁ በየጊዜው ምስር ለመግዛት ኩልመስክ ደርሳ ትመጣለች። ኩልመስክ ጥሩ ምስር ስላለ ማንም ነገሬ አይለውም። አንድ ቀን ሙሉነሽ ኩልመስክ ያለችውን እናቷን ጠይቃ ስትመለስ ከባንቻየሁ ጋር በአንድ አውቶቡስ መጡ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። ሙሉነሽ ከፊት በር ወርዳ ወደ ኋላ ሳትዞር አቀበቱን ተያያዘችው። ምን ነክቷት ነው፣ ሰላም እንኳ አትላትም ወይ ብዬ አዘንሁባት። ያን ጊዜ የማላውቀውን እሷ ታውቅ ነበር።

አቶ በለጠ ክፉ ሰው ነበሩ ብል እዋሻለሁ። ትሑት፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ለስብሰባ የተፈጠሩ ሰው ነበሩ። ችግራቸው የሚታይ ነገር መውደዳቸው ነው። ርዳታ ሰጪዎቹ ሊጎበኙን ሲሉ ለአዳራሹ ትልቅ ቴሌቪዥን አስመጡ። ኮዱ ሥራውን ሲሠራ እንግዶቹ በዓይናቸው ሊያዩት ነው። ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ጥቂት መስመሮች ብቅ ብለው ቆሙ። አቶ በለጠ ትንሽ ጠበቁና «ይኼ ነገር ሞቷል እንዴ?» አሉ።

ሙሉነሽ ዝም ያለው ደህና ስለሆነ ነው አለቻቸው። እሳቸው እንግዳ እንዲህ ያለውን እንደማይረዳ፣ እንግዳ የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት እንደሚፈልግ ነገሯት። ሁሉም ዲበግ ላይ ይሁን አሉ። እምቢ አለች። ብዙ ተነጋግረው በመጨረሻ የሰብሳቢውንና የላኪውን ደረጃ ዝቅ አደረገችላቸው፤ የስልክ ቁጥሮቹንም ግማሽ በኮከብ ሸፈነቻቸው። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ እንደ ጅረት ይወርድ ጀመር። አቶ በለጠ ደስ አላቸው። ማዛመጃው እንደተዘጋ ቀረ።

የጉብኝቱ ዋዜማ ከኩልመስክ ኮምፒዩተር ተበላሸ የሚል ስልክ መጣና ሙሉነሽ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሲዘጋጅ ከአዲስ አበባ ለጉብኝቱ የመጣ አንድ ባለሙያ ኮዱን አስነስቶ ሞከረው። የሚወርደው ጽሑፍ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ማዛመድ ከሁሉም የረዘመ ሥራ ነው፤ እሱ እስኪያልቅ ድረስ ስክሪኑ ምንም አያሳይም። አቶ በለጠ እንግዶቹ ልክ እዚያ ላይ ቢገቡስ ብለው ተጨነቁ። ባለሙያው ቀላል ነው አለ። ሙሉነሽ ለያይታ የሰጠችውን ደረጃ ሁሉ አነሳና ከላይ ለሁሉም አንድ ደረጃ፣ ዲበግን፣ ጻፈ። እኔ መጀመሪያ እሷን እንጠይቃት ብዬ ስልኬን አወጣሁ። የእሷ ስልክ ኔትወርክ አልያዘም። አቶ በለጠ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ለአንድ ሰዓት ነው፤ ማታ ትመልሰዋለች» አሉኝ።

አዳራሹ ሞላ። ከፊት ካህናትና ሽማግሌዎች፣ ከጎን የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ከኋላ የሴቶች ማኅበርና የቀበሌ ሰዎች ተቀምጠዋል። እንግዶቹ አስተርጓሚያቸውን ይዘው መሀል ላይ አሉ። ግድግዳው ላይ የፕሮጀክቱ ስምና ዓላማ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ምን እንደምንሠራ የማያውቅ ሰው እዚያ ውስጥ አልነበረም። የምሳው ግብዣ ለባንቻየሁ ተሰጥቷት ስለነበር እሷም ነጭ ሽርጧን አሥራ ከምታሠራቸው ልጃገረዶች ጋር በኋላ በር ትወጣለች ትገባለች።

አቶ በለጠ እየተናገሩ ኮዱ ተነሳ። መጀመሪያ ለሰዉ የማይገባው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወረደ። እንግዶቹ ፈገግ አሉ። ከዚያ በመካከሉ የአማርኛ ስም መጣ፤ ከነአባት ስሙ፣ ከነስልኩ፣ መድኃኒት ከሚወስድበት ጤና ጣቢያ ጋር። ከሥሩ ሌላ መጣ። ከሥሩ ሌላ። አዳራሹ ወዲያው አልገባውም። ከሴቶች ማኅበር አንዷ፣ ማንበብ የቻለ ሰው ታፔላ እንደሚያነበው፣ ያለ ክፋት ድምፅዋን አውጥታ አነበበች። «ባንቻየሁ…» አለችና የአባቷ ስም ላይ ስትደርስ ቆመች።

ባንቻየሁ በሩ ላይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። በመሠረተ ትምህርት የተማረች ስለሆነች ማንበብ ትችላለች። ስሟን አየችው። ትሪውን አልጣለችውም፤ ቀስ ብላ ቅርብ ያገኘችው ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ሽርጧን እየፈታች ወጣች። አቶ በለጠ ጀርባቸው ወደ ስክሪኑ ስለነበር ንግግራቸውን ቀጥለዋል። ከፊት የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ቄስ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ይህን ነገር አጥፉት።»

የኤሌክትሪኩን ገመድ የነቀልሁት እኔ ነኝ። ግን የሚነበበው ተነቧል።

ሙሉነሽ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። መንገድ ላይ ነግረዋት ነበር። ማንንም ሳታናግር ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ኮዱን ከፈተችው፤ እሷ የሰጠችው ደረጃ ሁሉ ተነሥቶ ከላይ የተጻፈችውን አንድ መስመር አየች። ይህን ካየች በኋላ ይቀላታል፣ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑ ታይቷል ብዬ ነበር። እሷ ግን እሱን አልፋ ወደ ታች ወረደችና ማዛመጃው ውስጥ ስም የሚጽፈውን መስመር ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር። ምንም አላወጣችም።

ከተማው ሥራውን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀበትም። ስሙ የተነበበ አንድ አስጎብኚ ሊያገባት የነበረች ልጅ ቤተሰቦች ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። አንድ አስተማሪ ቤቱን እንዲለቅ ተነገረው። የባንቻየሁ ምግብ ቤት በሩ ተከፍቶ ይውላል፤ የሚገባ የለም። ሰዎች ሲያልፉ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የሚያወሩ ይመስላሉ። ከቢሯችን እንኳ ብዙዎቹ ምሳቸውን ከቤት መያዝ ጀመሩ። የጤና ፕሮጀክት ሠራተኞች ነን፤ በሽታው በሳህን እንደማይተላለፍ ግድግዳ ላይ የለጠፍነው እኛው ነን።

ወዲያው ግምገማ ተጠራ። ያ ዘመን ለሁሉም ነገር ግምገማ የሚደረግበት ነበር። ከበላይ የመጣ አንድ ሰው ሰበሰበን፤ አቶ በለጠም ከጎኑ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ሄዷል። አቶ በለጠ ግለ ሂሱን ራሳቸው ጀመሩ፤ ክትትላቸው ማነሱን አመኑ። ከዚያ የኮዱ ባለቤት ማን እንደሆነች ተጠየቀ። እኔ እጄን አውጥቼ ያየሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ደረጃው ማን ባለበት፣ በማን ትእዛዝ፣ ለምን እንደተለወጠ አስረዳሁ። ሰብሳቢው አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ሐሳብህ ተይዟል» አለና ወደ ሙሉነሽ ዞረ።

ሙሉነሽ ተነሣች። እሷ ስብሰባ ላይ ስትናገር አይቼ አላውቅም ነበር።

«ደረጃውን ማን እንደቀየረው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግመውም» አለች። «የእኔ ጥፋት ሌላ ነው። ስም የሚጽፈውን መስመር ዝም አሰኘሁት እንጅ አላጠፋሁትም። ሲበላሽ ለማየት ይቀለኛል ብዬ ተውሁት። ዝም ያለ ነገር የሌለ መሰለኝ። መስመሩ ባይኖር ኖሮ የፈለገው ሰው የፈለገውን ደረጃ ቢሰጠው የሚወጣ ስም አልነበረም።»

ተቀመጠች። ሰብሳቢው ጥፋቷን በግልጽ ማመኗን አመሰገነ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ኮድ ጻፊዋ ስሞቹ እንዲጻፉ ማድረጓን ማመኗ ነው። ውሏ ተቋረጠ። አቶ በለጠ ትንሽ ቆይተው ወደ ላይ ከፍ አሉ፤ የሸኘናቸውም በድግስ ነው።

ከስብሰባው ስንወጣ ለምን እንዲህ አልሽ ብዬ ተቆጣኋት።

«እውነት ስለሆነ ነዋ።»

«እነሱ እኮ ለራሳቸው ማምለጫ አደረጉት።»

«አውቃለሁ» አለች። «ስለዚህ ልዋሽ?»

በዚያው ወደ ባንቻየሁ ቤት ወረድን። ባንቻየሁ ባዶው ቤት መሀል ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ማን እንዲበላው እንደሆነ እንጃ። ሙሉነሽን ስታይ እጇ ቆመ። እንድንቀመጥ አልጋበዘችንም።

«አንች ነሽ የጻፍሽው አሉ» አለቻት።

«ኮዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«ስሜንስ?»

«እንዲጽፈው ያደረግሁትም እኔ ነኝ።»

እኔ እንዲያ አይደለም ብዬ ልጀምር ስል ሙሉነሽ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ባንቻየሁ ወደኔ አላየችም። የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር።

«እዚህ ጓዳ ገብተሽ ስትበይ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ሁሉ ጊዜ?»

«አዎ፣ እቴ።»

ባንቻየሁ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደችው። ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር። «እያወቅሽ ከእጄ ስትጎርሽ ኖረሻል። አልተጸየፍሽኝም። ሌላው ቢያደርገው ይገባኛል። አንች ለምን እንዳደረግሽው ነው ያልገባኝ።»

«ይቅር በይኝ» አለች ሙሉነሽ።

«ሂጅ በቃ» አለች ባንቻየሁ። «ሂጅልኝ፣ እኅቴ።»

በዚያው ሰሞን ባንቻየሁ ምግብ ቤቷን ዘግታ ከከተማው ጠፋች። ሙሉነሽም ወደ ወልድያ ወረደች። ከዚያ በኋላ ኮዱ እየሠራም የሚልክለት ሰው እያጣ ሄደ። ሰዎች ስልካቸውን ቀየሩ፤ አዲስ ቁጥር አንሰጥም አሉ። ጤና ጣቢያ ሄደው ስማቸው እንዲጻፍ የማይፈልጉ በዙ። መድኃኒታቸውን ያቋረጡም አሉ። ከእነዚያ ውስጥ አንዳንዶቹን ቀብሬአለሁ። ቀብር ላይ በጉንፋን ሞተ፣ በልብ ሞተ ይባላል፤ እኛም አሜን ብለን እንመለሳለን። ፕሮጀክቱ ብዙም ሳይቆይ ዓላማውን አሳክቷል ተብሎ ተዘጋ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋት ወልድያ በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስትተይብ ነው። ያቺ ከሲታ ጭራሽ አልቃለች፤ ፊቷ ግን አብጧል። ኩላሊቷን እንደሚያማት ነገረችኝ። በሰፈሩ «ራሷም አለባት» እየተባለ እንደሚወራ እሷን ከማግኘቴ በፊት ሰምቼ ስለነበር፣ ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም አልኋት። ተሳሳትሁ ብዬ እስክፈራ ድረስ አፍጥጣ አየችኝ።

«የለብኝም ብዬ ልማል?» አለችኝ። «የለብኝም ብዬ ስምል፣ ያለበት ሰው ነውረኛ ነው ማለቴ አይደለም? ይበሉ። ምን ይለኛል።»

ስለ ላሊበላ ጠየቀችኝ። ልዋሻት አሰብሁና አልቻልሁም፤ እሷ ፊት መዋሸት ከባድ ነበር። ማን እንዳቋረጠ፣ ማን እንደሞተ ነገርኋት። ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ ሳታነሣ ሰማችኝ።

«ያን መስመር ለማጥፋት እኮ ይኼን ያህል ነበር የሚፈጅብኝ» አለችና አንዲት ቁልፍ በጣቷ መታች። ስክሪኑ ላይ የነበረው የባለጉዳዩ ማመልከቻ አንድ ፊደል ጎደለው። መልሳ ጻፈችው። ባለጉዳዩ ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ተሰናበትኋት።

መሞቷን ከሰማሁ በኋላ አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። ባንቻየሁ እውነቱን ማወቅ አለባት አልሁ። ሌላው ቢቀር እሷ። ብዙ ጠይቄ ያለችበትን ከተማ አገኘሁ። ከተማውን አልጠራውም፤ ቆላ ነው፣ ትልቁ መንገድ ያልፍበታል። ሄድሁ። ምግብ ቤት አላት፤ በሹፌሮች ተሞልቷል። በመካከላቸው ስትመላለስ ያች የድሮዋ ሳቋ ከሩቅ ተሰማኝ። እኔን ስታይ ሳቋ ቀጥ አለ።

ጥግ ላይ ተቀመጥሁ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ እንደማታውቀኝ ሆና። እኔ ቸኮልሁ። ሙሉነሽ ሞተች አልኋት። እቴ፣ አንች እንደምታስቢው አልነበረም፤ ያን ቀን ስሙ የወጣው በሷ አይደለም ብዬ ጀመርሁ።

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አለችኝ። «እዚህ ማንም አያውቀኝም።»

ዝቅ አድርጌ ጨረስሁላት። ስለ ደረጃው፣ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ግምገማው፣ ሙሉነሽ ክንዴን ለምን እንደያዘችኝ ነገርኋት። ጠረጴዛውን በጨርቅ እየወለወለች ሰማችኝ፤ ንጹሕ ጠረጴዛ ነበር። ዓይኗ ሞላ፤ ጀርባዋን ለሹፌሮቹ ስለሰጠች ከእኔ በቀር ያየ የለም።

«ነፍሷን ይማር» አለች። «አንተ ግን ሁለተኛ አትምጣ። ክፉ ሆነህ አይደለም። ከየት ታውቂዋለሽ ብለው ይጠይቁኛል።»

ምግብ አመጣችልኝ። እንዳያስታውቅብን በላሁ። ልወጣ ስነሣ እጅ ነሣችና ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ ለማታውቀው መንገደኛ እንደምትለው፣ «መንገዱን ያቅናልዎ፣ ጌታው» አለችኝ። ከዚህ በፊት አንቱ ብላኝ አታውቅም።

ስለዚህ ይህን ስጽፍ ስሞቹን ሁሉ ለውጫለሁ። ባንቻየሁ ባንቻየሁ አይደለችም። አቶ በለጠም በለጠ አይደሉም፤ እሳቸውን እንኳ ሳልጠራቸው የቀረሁት ለእሳቸው ብዬ አይደለም። የኩልመስኳም ልጅ ስሟ ሙሉነሽ አልነበረም። እውነተኛ ስሟን ብጽፈው የላስታ ሰው ያውቃታል፤ እሷን ያወቀ ያን አዳራሽ ያስታውሳል፤ አዳራሹን ያስታወሰ ደግሞ እዚያ ያነበበውን ስም ያነሣል።